ወርቁ ሳያልቅ ትምህርት ቤቱ ይሠራ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አሳቤን በአንባቢዎች ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የአንዲት ጠረፍ ከተማ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚመረምሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ቢያነቡት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። የማስተምረው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ በኩርሙክ አካባቢ ነው። ኩርሙክን በስም እንጂ በዐይን የማያውቃት አንባቢ ብዙ ስለሚሆን ጥቂት ላስተዋውቃት። ከአሶሳ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ በሱዳን ድንበር ላይ የተቀመጠች፣ ሙቀቷ የበረታ የቆላ ከተማ ናት። ከድንበሩ ማዶ ያለችውም የሱዳን ከተማ ስሟ ያው ኩርሙክ ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚለያቸው ድንበር እንጂ ርቀት አይደለም። ነባሩ ሕዝብ በርታ ነው። በቤቱ በርታኛ፣ በገበያ ዐረብኛ፣ በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይናገራል፤ ልጁም ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ይማራል። እንግዲህ የኩርሙክ ልጅ ኬሚስትሪ እስኪማር ድረስ ከአራት ቋንቋዎች ጋር ይታገላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ እርሱ ራሱ በስንት ቋንቋ እንደ ተማረ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ተማሪ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስለ ወርቅ ማስረዳት እንደ ጀመርሁ፣ አራት ሆነው ከተጣበቡበት ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አነሣ።

«መምህር፣ እኛ ወርቅን ከወንዝ አፈር በገበቴ አጥበን እናወጣዋለን። ያ ትልቁ ፋብሪካ ከድንጋይ የሚለየው በምንድን ነው?» አለኝ።

ድንጋዩ እንደሚፈጭ፣ ወርቁ በሲያናይድ ውሁድ እንደሚሟሟ፣ ከዚያም በከሰል ላይ እንደሚያዝ በጠመኔ እየሣልሁ አስረዳሁ። ላቦራቶሪ ስለሌለን ከጠመኔ በቀር የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ልጁ ግን በዚህ አልረካም።

«እዚያ መሐንዲስ ሆኖ ለመቀጠር ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? የምጠይቀው ለታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዘንድሮ 6ኛ ክፍልን ይጨርሳል» አለ።

ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ ሠራሁለት። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል 2 ዓመት፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 4 ዓመት፤ በዩኒቨርሲቲ ለምህንድስና ትምህርት 5 ዓመት፤ ድምሩ 11 ዓመት። ይህም አንድም ክፍል ሳይደግም፣ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ ነው። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ እስከዚያ ወርቁ አያልቅም?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

አንባቢ ሆይ፣ የልጁ ጥያቄ የሚያስቅ አይደለም። አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ የጀመረው የኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የተመደበለት፣ በዓመት 6 ሚሊዮን ቶን ያህል ድንጋይ እንዲፈጭ የታሰበ ታላቅ ሥራ ነው። ሲታቀድ የተሰጠው ዕድሜ ግን 10 ዓመትን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ተጨማሪ ወርቅ ከተገኘ ዕድሜው ይረዝም ይሆናል። ሆኖም መሬት ውስጥ ያለ ሀብት ሁሉ መጨረሻ አለው። እንግዲህ የማዕድኑን ዕድሜና የአንድን ልጅ የትምህርት ዘመን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ዛሬ 6ኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ ዛሬውኑ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካላገኘ፣ መሐንዲስ ሆኖ ሲመለስ የሚጠብቀው የተቆፈረ ጉድጓድ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። በመካከሉ ያሉት ዓመታት በቀጠሮ ቢባክኑ፣ የአገሩ ልጅ በአገሩ ማዕድን የሚያገኘው ሥራ ዘበኝነትና ሸክም ብቻ ይሆናል። ዘበኝነት የሚያሳፍር ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ አጥቶ ዘበኛ መሆን ግን ያሳዝናል።

ቤኒሻንጉል ለወርቅ ፈላጊ እንግዳ አገር አይደለም። ከ200 ዓመት በፊት፣ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ጦሩን በሱዳን በኩል እስከ ፋዞግሊና እስከ ቤኒሻንጉል ያዘመተው ከምክንያቶቹ አንዱ ወርቅ ስለ ነበረ ነው። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ መኰንን ዘምተው አገሩ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲጠቃለል፣ የወርቁ ዝና አብሮ ይነገር ነበር። በነዚህ ሁሉ ዘመናት ሴቶችና ልጆች በወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው በገበቴ አፈር ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ወርቁም ወደ ካርቱም፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ኖሯል። በምትኩ ወደ ወርቁ አገር የመጣው ዕውቀት ግን ጥቂት ነው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እኔ እንደማየው፣ በእጃችን ሳለ እንደ መዳብ የቆጠርነው ወርቅ ልጆቻችን ናቸው።

ከተማዋ ደግሞ እያደገች ነው። የዕድገቷም ምክንያት ማዕድኑ ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ከማዶ ብዙ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደዚህ ተሻግሯል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነትም እንደ ገና ስደተኛ አምጥቶልን፣ ኩርሙክ የመቀበያ ጣቢያ ሆናለች። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች ትምህርት የሚያገኙበትን መንገድ ከፍታለች። ይህ የሚያስመሰግን ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ በክፍል ውስጥ ወንበር ካልተገኘለት፣ የአገሩም ልጅ የእንግዳውም ልጅ በአንድ ጠባብ አግዳሚ ላይ እየተጋፉ እርስ በርሳቸው ይጠላላሉ እንጂ አይማሩም። ከዚህ ሌላ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ግንበኛውና ወርቅ ፈላጊው ከየአገሩ ይመጣል፤ ቤተሰቡንም ያስከትላል። የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ የገበያ ዋጋ ይንራል። ከተማ ሲያድግ አስቀድሞ የሚታየው ሱቅና ምግብ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ግን የሚያስብለት ከሌለ በራሱ አይበቅልም።

የቤት ኪራይ መወደድ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገናኘዋል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ወደ ከተማ ገብቶ የሚማረው ክፍል ተከራይቶ ነው። ከጥሩ ተማሪዎቼ አንዲቱ 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ በመስከረም ሳትመለስ ቀረች። አባቷን በገበያ ቀን አገኘኋቸውና፣ «አባቴ፣ ልጅዎን ምነው አስቀሯት? ኬሚስትሪ የሚገባት ልጅ እኮ ናት» አልኋቸው። እኚህ ሽማግሌ በአገሩ ልማድ መምህርን «ኡስታዝ» ብለው ነው የሚጠሩት። «ኡስታዝ» አሉኝ፣ «ዐምና የተከራየንላት ክፍል ዘንድሮ ለሠራተኞች ተከራየ። ሌላውን ክፍል ከፍዬ አልዘልቀውም። ወንድ ቢሆን ከዘመድ በረንዳ ያድር ነበር። ሴት ልጄን የት አሳድራታለሁ?» መልስ አልነበረኝም። እኚህ ሰው ትምህርት የሚጠሉ ሰው አይደሉም። የጠየቁት ማደሪያ ነው። ልጅቱ ዛሬ ከእናቷ ጋር በወንዝ ዳር አፈር ታጥባለች።

በዚህም ላይ የሚያሠጋኝ ሌላ ነገር አለ። በባህላዊ መንገድ ወርቅ በሚወጣባቸው አንዳንድ ስፍራዎች ወርቁን ለመያዝ ሜርኩሪ፣ አባቶቻችን ባዚቃ የሚሉት፣ ይገባበታል። በእሳት ሲተን ጢሱ ነርቭንና ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ መሆኑን እኔ በሰሌዳ ላይ አስተምራለሁ። ትምህርቱን ሊሰሙ የሚገባቸው ግን ከክፍል የቀሩት ናቸው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለኩርሙክ ልጅ የዲፕሎማ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናውም ጉዳይ ነው።

እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ። የተማርሁት በወለጋ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበረ፤ ቤተ መጻሕፍታችንም አንድ ቁም ሣጥን ነበረ። ይሁን እንጂ ቁም ሣጥኑ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ትምህርት ቤቱ የተሠራው በዚያ ዘመን ለነበሩት ልጆች ቁጥር ሳይሆን ገና ለሚመጡት መሆኑን፣ ድንጋይ ያመላለሱት የመንደሩ ሽማግሌዎች ይነግሩን ነበር። «ሕንጻው ሰፋ ብለን ስናማ፣ ሞልቶ አየነው» ይሉ ነበር። ዛሬ መምህር ሆኜ ይህን ለመጻፍ የበቃሁት፣ እነዚያ ሰዎች እኔ ሳልወለድ ለእኔ የሚሆን ወንበር ስላሰቡልኝ ነው። በዚያ ጊዜ መንግሥት ያልደረሰበትን ሚሲዮን ደርሶበታል። ዛሬ ግን አገራችን በራሷ ልጆች የምትሠራበት ዘመን ስለሆነ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ይሥራልን ብለን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

ለመሥራት አቅም የለንም የሚለው ቃልም እውነት አይደለም። በዚሁ በክልላችን፣ በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ያለው ይህ ግድብ ከሠራተኛው ደመወዝ፣ ከገበሬው ጥሪት፣ ከተማሪውም የኪስ ገንዘብ ተዋጥቶ የተሠራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆንን ሁሉ የወር ደመወዛችንን ለቦንድ ስንከፍል የነበረውን እናስታውሳለን። በ2004 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባ ሕፃን 12ኛ ክፍልን የሚጨርሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ግድብ ለመሥራትና ሰው ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ፣ ግድብ ሲዘገይ ሁሉም ይጮኻል፤ ልጅ ሲዘገይ ግን የሚጮኸው አባቱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን አሳብ ስነግራቸው የሚያነሡት መቃወሚያ አለ። «ያሉት ትምህርት ቤቶች መች አስተማሩና ነው አዲስ የሚሠራው?» ይላሉ። የተናገሩት ከንቱ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በመጀመሪያው ዙር፣ ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በተሰጠው ፈተና፣ በአገሪቱ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ተሻሻለ ብንልም፣ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ወድቋል። እኔም መምህር እንደ መሆኔ ከዚህ ውድቀት ድርሻዬን አልክድም። ነገር ግን ይህ ቁጥር አዲስ ትምህርት ቤት አያስፈልግም የሚያሰኝ ሳይሆን፣ አዲሱ ትምህርት ቤት አራት ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ መሆን እንደሌለበት የሚያስተምር ነው። በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ከተቀመጡ ልጆች መካከል መምህሩ የእያንዳንዱን ደብተር ሊያርም አይችልም። ሙከራውን በዐይኑ ያላየ ተማሪ የኬሚስትሪ ፈተና የሚወድቀው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ማሳነስና ጥራትን መጨመር ሁለት ሥራ ሳይሆኑ አንድ ሥራ ናቸው።

ስለሆነም ኩርሙክ የሚያስፈልጋትን በግልጽ ልናገር። አንደኛ፣ ከተማው በሱቅና በመጋዘን ሳይሞላ፣ ለአዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚበቃ ሰፊ ቦታ ዛሬውኑ ይከለል፤ ካርታም ይሠራለት። ቦታ ዛሬ በደብዳቤ ይገኛል፤ ነገ ግን በካሣም አይገኝም። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ ላቦራቶሪና ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ ሙቀቱንም አስቦ ጣራው ከፍ ብሎ የሚሠራ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ይኑረው። ያለዚህ ትምህርት ቤቱ ለከተማ ወንዶች ብቻ የተሠራ ይሆናል። አራተኛ፣ ለመምህራን መኖሪያ ይታሰብ። ወደ ጠረፍ የሚመደበው ነርስም ሆነ መምህር ወይም የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ልጁ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ዝውውር የሚጠይቀው ጠረፍን ጠልቶ ሳይሆን ልጁን የሚያስተምርበት አጥቶ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ጥሩ ሠራተኛ ይዞ ያቆያል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከሦስት እጅ ነው እላለሁ። የማዕድን ሕጋችን ባለፈቃዱ በሚሠራበት አካባቢ ላለው ሕዝብ ልማት እንዲሳተፍ ያዛል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። የልማቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያው መስመር እንዲጻፍ የወረዳና የክልል ባለሥልጣኖች ይጠይቁ። መንግሥትም መምህሩን፣ መጽሐፉንና የላቦራቶሪውን ዕቃ ይመድብ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤት ገንዘቡንና ጉልበቱን እንደማይነፍግ በየቦታው አሳይቷል። የኩርሙክም ሰው አሸዋና ድንጋይ ያቀርባል፤ ቀርከሃ ይቆርጣል፤ ነጋዴውም ያዋጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፣ ሸክሙ ከተከፋፈለ አይከብድም።

በመጨረሻም ቃሌን ወደ እናንተ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ወደምትሠሩ ወገኖቼ እመልሳለሁ። ከሩቅ ጠረፍ የመጣ የትምህርት ቤት ጥያቄ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ ከሌሎች መዝገቦች በታች አታኑሩት። ስታዩትም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ቁጠሩ። አንድ ዓመት በቀጠሮ ሲያልፍ ለመዝገቡ አንድ ዓመት ነው፤ 8ኛ ክፍልን ጨርሶ ለሚጠብቀው ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ የትምህርቱ ፍጻሜ ነው። ከዚያ በኋላ ገበቴውን ያነሣል፤ ገበቴ ያነሣውን ልጅ ወደ ክፍል መመለስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እኔ አውቃለሁ።

ያ ተማሪዬ ዛሬም ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ታናሽ ወንድሙ 7ኛ ክፍል ገብቷል። በሰሌዳው ላይ የጻፍሁት 11 ዓመት መቀነስ ጀምሯል፤ ከወርቁም ዕድሜ እንዲሁ ይቀነሳል። ልጁ ጥያቄውን እንደ ገና ቢጠይቀኝ፣ «ትምህርት ቤቱ ተጀምሯል» ብዬ ልመልስለት እወዳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር
ከኩርሙክ